ሃያ አንድ ቁራጭ ጨርቅ

በየሰፈሩ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ዓለም ስትሞቅ እሱን የሚያልበው፣ የሩቅ ባሕር ከፍ አለ ሲባል እግሩን የሚሰበስብ። የእኛ ሰፈር ድርሻ ልብስ ሰፊዋ እትዬ ናቸው። በሌሉበት «ክብርት የዓለም ሐኪም» እንላቸዋለን።

በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው የጎልማሶች ትምህርት ቤት ገብተው የአካባቢ ሳይንስ ይማራሉ። እኔ እዚያው ጽዳት ነኝ። እትዬ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አያወርዱም፤ ከአፋቸው የማይጠፋው ደግሞ አንድ ቃል ነው፤ «ለካኸው?»

የአውቶቡስ ሹፌር «ዘንድሮ ሙቀቱ አልተቻለም» ካላቸው፣ «ለካኸው?» ጎረቤት ፕላስቲክ ሲያቃጥል ካዩ ባልዲ ውሃ ይዘው ከች ይላሉ፤ አጥፍተው ሲያበቁ አመዱን በማንኪያ ይሰፍራሉ። ወጣቱ መምህር አንድ ቀን፣ «እማማ፣ ይሄ ይከብድዎታል፤ ይለፉት» ቢላቸው፣ «እማማ ያለችው ቤትህ ነው። እዚህ ተማሪህ ነኝ፤ ድገምልኝ!» አሉት። ደገመ። ሦስት ጊዜ።

ርዕሰ መምህሩ ግን አልወደዳቸውም። «የመጨረሻ ሥራቸውን በወሩ መጨረሻ ዓርብ ካላሳዩ ወንበራቸው ለወጣት ይሰጣል» አለ። ሥራቸው፣ ከማቅለሚያ ቤቱ ቦይ የሚወርደውን ቀይ ውሃ በአሸዋና በከሰል ማጥለል ነው። ውሃው ምን ያህል እንደጠራ የሚያሳይ መሣሪያ ስለሌለ ከሙያቸው ዘዴ አመጡ። በየቀኑ ከሰሉን አንድ ማንኪያ ይጨምሩና ነጭ ቁራጭ ጨርቅ በተጠለለው ውሃ ነክረው፣ አድርቀው፣ ካርቶን ላይ በስፒል ይሰኩታል። ሃያ አንድ ቀን፣ ሃያ አንድ ቁራጭ።

ማክሰኞ ጠዋት ክፍሉን ልጠርግ ገባሁ። የቆሸሸ ጨርቅ ተደርድሮ አየሁ። ካርቶኑ ላይ ያለውን ፊደል ቀስ ብዬ ብቆጥረው ኖሮ «አይነካ» ይል ነበር። ማንበብ ስለሚያሳፍረኝ አልሞከርኩም። ነቃቀልኳቸው፤ በበረኪና ዘፍዝፌ፣ አጥቤ፣ አስጥቼ፣ አጣጥፌ ወንበራቸው ላይ አኖርኩላቸው። ደስ እንዲላቸው ብዬ እኮ ነው።

እትዬ መጡ። ጨርቁን አዩ፤ እኔን አዩ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ቆሻሻ መስሎኝ…»

ደብተራቸውን ገለጡ። ከዚያ፣ «ስንት ክዳን በረኪና ጨመርሽ?»

«እ?»

«ለካሽው?»

«ሁለት ክዳን… መሰለኝ።»

«መሰለኝ የሚባል ሳይንስ የለም» አሉና ደብተራቸው ላይ ጻፉት። «በይ ባልዲውን አንሺ። ሦስት ቀን አለን።»

ቀኑ በሰዓት ተተካ። በየሰዓቱ አንድ ማንኪያ ከሰል፣ አንድ ቁራጭ ጨርቅ፤ በቀን ሰባት። እኔ ከቦዩ እቀዳለሁ፣ እሳቸው ያጠልላሉ። እጃቸው እርጥብ ስለሆነ «ሰዓቱን አንቺ ጻፊ» አሉኝ።

«እትዬ፣ የኔ ጽሑፍ…»

«ጽሑፍሽን ማን ጠየቀሽ? ሰዓቱን ነው ያልኩሽ።»

ጻፍኩ። ቁጥሮቹ እንደ ሰካራም ተንገዳገዱ፤ ግን አልወደቁም።

ዓርብ ርዕሰ መምህሩ ካርቶኑን ገልመጥ አደረገው። «የሦስት ሳምንት ሥራ ነበር የተባለው።»

«ታጥቧል» አሉ እትዬ። «በሁለት ክዳን በረኪና። ተመዝግቧል።»

እኔ በር ላይ መጥረጊያዬን አንቄ ቆሜአለሁ።

«የመጨረሻዋ ቁራጭም ብትሆን አልነጣችም» አለ። «በዚህ ነው እንግዲህ ዓለምን የሚያድኑት?»

«አልነጣችም። ልዋሽ ብል እኮ በረኪናው ነበረኝ!» ሜትራቸውን ከአንገታቸው መዘው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ብቻዬን አድናታለሁ መች ወጣኝ? አንዱ ይለካል፣ አንዱ ይቆርጣል፣ ሌላው ይሰፋል። እኔ መለካቱን ይዣለሁ፤ አልለቅም። ወንበሬንም አልለቅም።»

ወጣቱ መምህር ካርቶኑ ጫፍ ላይ ወዳለች አንዲት ጸአዳ ቁራጭ ጣቱን ቀሰረ። «ይቺስ?»

«መነሻዋ ናት። ሃያ አንዱም በእሷ ይለካሉ። ያጠበቻት ረዳቴ ናት» አሉና ወደ በሩ ዞሩ። ሁሉም ዞሩ። መጥረጊያው ከእጄ ወደቀ።

መምህሩ ርዕሰ መምህሩን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «አልፈዋል» ብሎ ፈረመ።

አሁንም ከሩቅ ሳያቸው መንገድ እቀይራለሁ፤ አንድ ነገር ሳያስለኩኝ አይለቁኝማ። ትናንት ግን ሱቅ በር ላይ አንዱ፣ «ደግሞ እኚህ ሴትዮ ምን ያውቃሉ?» እያለ ሲሳለቅባቸው፣ ሁልጊዜ አንገቷን ደፍታ የምታልፈው እኔ ቆም አልኩ።

«ለካኸው?» አልኩት።