አያ አላምረውና ሃያ ሁለት ሰከንድ

ሰላምታ ማሳጠር የማይሆንለት ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት ያለ አይመስለኝም። የእኛው በር ላይ ተቀምጠዋል፤ አያ አላምረው ይባላሉ፤ የኮሶዬ ሰው ናቸው። በደመወዝ መክፈያው ጥበቃ ተብለው ተጽፈዋል፤ በግብራቸው ግን የሰላምታ ሹም ናቸው።

«እንዴት አደርሽ» ብለው አይለቁም። እናት ትጠየቃለች፣ ወንድም ይጠየቃል፣ የታመመው ጎረቤት ይጠየቃል። «ሁሉም ደህና ናቸው» ብሎ በጅምላ ማለፍ የለም። የቸኮለ ካገኙ፣ «ምነው፣ እሳት ልትጭሪ ነው የመጣሽ?» ይላሉ። ኃላፊያችን ወይዘሮ የትነበርሽ አንድ ቀን ስልክ እያወሩ ቢገቡ፣ አያ አላምረው ስልኩ እስኪያልቅ ከፊታቸው ቆመው ጠብቀዋቸዋል።

አያ አላምረው አስም አለባቸው። ትንፋሽ የሚከፍተውን ፓፍ የሚወስዱት በስፔሰር ነው፤ የተነፋውን መድኃኒት እስኪሳብ ይዞ የሚያቆይ፣ ጡጦ የሚያህል ፕላስቲክ። የእኛ የላቦራቶሪ ሥራ ደግሞ ይህንኑ ፕላስቲክ መፈተን ነው። ፓፉን እንነፋለን፤ ጥቂት እንቆያለን፤ ከዚያ በሰው ሳንባ ፋንታ ፓምፕ ይስባል፤ ማጣሪያው ላይ ያረፈውን መድኃኒት እንለካለን። በሽተኛው ቢዘገይ ምን ያህሉ ይደርሰዋል? ጥያቄያችን ይኸው ነው። ከአሥር ሰከንድ በላይ የሚዘገይ ሰው ይኖራል ብለን አላሰብንም ነበር።

አንድ ጠዋት ስገባ አያ አላምረው ፓፉን ነፍተው ስፔሰሩን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ አዩኝ። የስፔሰሩን አፍ በአውራ ጣታቸው ደፈኑና ጀመሩ፤ «እንዴት አደርሽ? እናትሽስ? ያ ወገቧ ተሻላት?»

«ደህና ናት፤ ይሳቡት እንጂ!»

«እስበዋለሁ፤ የት ይሄዳል?»

ሰዓቴን አየሁ። እስኪስቡት ሃያ ሁለት ሰከንድ ሄደ።

ለባልደረባዬ ለውዱ፣ «ሃያ ሁለት ሰከንድም እንሞክር» አልኩት።

«ማን ነው ይህን ያህል የሚቆይ?»

«በሩ ላይ ያሉት።»

ሳቀ። ውጤቱን ስናይ ግን፣ ወዲያው ሲሳብ ከሚደርሰው ሢሶው እንኳ አልደረሰም። ወርጄ ነገርኳቸው።

«የቀረውስ የት ገባ?»

«ፕላስቲኩ ላይ ተለጥፎ ቀረ።»

ረጅም ጊዜ ፕላስቲኩን አገላብጠው አዩት። «ሸጋ ሥራ ነው የምትሠሩት» አሉ። «ግን ሰው ቆሞ እያየኝ ዝም ብዬው አየር ልስብ? ነውር ነው፣ ልጄ።»

ነሐሴ ላይ፣ ጭጋጉ ከዝናብ ጋር እስከ በራችን በወረደበት ጠዋት፣ ወንበራቸው ላይ ጎብጠው አገኘኋቸው። ትከሻቸው ይወጣል ይወርዳል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ውዱ ማኪና ሊጠራ ሮጠ። እኔ ፓፉን ነፋሁና ስፔሰሩን አፋቸው ላይ አደረግሁ። ልክ ያኔ ወይዘሮ የትነበርሽ ምንም ሳያውቁ ገቡ።

«እንዴት አደሩ፣ አያ አላምረው?»

ዓይናቸው ተነሣ። እጃቸው ስፔሰሩን ሊያወርድ መጣ። እጃቸውን ያዝኩት። «በማርያም! አይመልሱ!»

አዩኝ። እንዲያ ያለ ሐፍረት በሽማግሌ ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቡ። ደግሜ ነፋሁ፤ ወዲያው ሳቡ። ሠራተኛው ጃንጥላውን ይዞ ከኋላችን ተሰለፈ። ማንም አልፎ አልገባም። ትንፋሻቸው ሲመለስ የሰማነው ሁላችንም ነን።

ማኪናው መጣ። ሐኪም ይያቸው ብለን ደግፈን ስናስነሣቸው ሰልፉን አዩና ቆሙ። በተሰበረ ድምፅ ሰላምታውን ከወይዘሮ የትነበርሽ ጀመሩ፤ ስለ ልጃቸው ጠየቁ። ከዚያ የጽዳት ሠራተኛዋን፣ ከዚያ ውዱን። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። እኔም ክንዳቸውን ለሌላ ሰው አስይዤ ሰልፉ መጨረሻ ገባሁ፤ ተራዬ እስኪደርስ ዝናቡ ውስጥ ቆሜ ጠበቅሁ።