የዘጠኝ ሰከንዱ ሐኪም

ሐኪም የሌለው ከተማ ሞልቷል። ራሱን ሐኪም ያደረገ ሰው የሌለው ከተማ ግን እስካሁን አልተገኘም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ስታስነጥሱ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ "ይኼ ከሳምባ ነው" የሚለው ነው። ወገባችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ካያችሁ "በየት በኩል?" ብሎ ይጠይቃል። በግራ ነው ብትሉት ራሱን ይነቀንቃል፤ በቀኝ ነው ብትሉት የባሰ ይነቀንቃል። ለእኛ ለፓይክስ ቤንድ ሰዎች፣ እዚህ ሞንታና ውስጥ፣ የደረሰን ኦርቪል ፔቲት ነው። ስሙን ስጽፍ እንኳን ጥርሴን ያፋጨኛል።

ኦርቪል ኮርቻ ሰፊ ነው። ሙያው ላይ አልመጣበትም፤ እሱ የሰፋው ኮርቻ ከፈረሱ ይልቅ ዕድሜ አለው። ጣጣው የመጣው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ የፊልም ሰዎች ሸለቋችን ውስጥ በጋውን ሙሉ ሰፍረው ፊልሙን ሲያነሡ ነው። እኛ ጋ "ፊልሙ" ከተባለ አንድ ነው። በድሮ ዘመን በወርቅ ቆፋሪዎች መንደር ስለነበረ ሐኪም ነው የሚያወራው። ሐኪሙ ጥይት ያወጣል፣ ያዋልዳል፣ ቁስል ይሰፋል። በመጨረሻ ጥቁር ካፖርቱን ለብሶ፣ ቦርሳውን ይዞ፣ በፈረስ ከመንደሩ ይወጣል፤ ሕዝቡም ባርኔጣውን እያውለበለበ ይሸኘዋል።

ታዲያ ሐኪሙን ሆኖ የሚጫወተው ሰውዬ መርፌ መያዝ አልቻለበትም። "እዚህ አገር መስፋት የሚችል ሰው የለም?" ሲሉ ኦርቪልን አመጡላቸው። እጁን አሳጠቡት፣ የአሳማ ቆዳ ሰጡት፣ እሱም ሰፋ። ፊልሙ ላይ ቁስሉን ሲሰፉ የሚታዩት ሁለት እጆች የኦርቪል ናቸው። ዘጠኝ ሰከንድ ይታያሉ። እኔ ትምህርቴን ትቼ ሲኒማ ቤቱ መስኮት ውስጥ ትኬት ለመሸጥ ከተቀመጥኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ፊልሙን በየዓመቱ ሐምሌ ላይ እናሳያለን፤ ስለዚህ ቆጥሬዋለሁ። አሥር አይሞላም።

በዚህ የዘጠኝ ሰከንድ ትምህርት ክቡር ዶክተር ኦርቪል ፔቲት ተመረቁ። ምግብ ቤቱ ጥግ ያለችውን ወንበር ያዙና ከተማውን ማከም ጀመሩ። መድኃኒታቸው አንድ ነው። ፊልሙ ላይ ሐኪሙ በገባበት ቤት ሁሉ "ውሃ አፍሉ!" ይላል። ውሃው ለምን እንደሚፈላ ፊልሙ ላይም አልተነገረም፤ ኦርቪልም እስከ ዛሬ አልነገረንም።

"ኦርቪል፣ ጉልበቴ አብጧል" ይለዋል ከብት አርቢው ሉተር ዶብስ።

"ውሃ አፍላ።"

"ልጠጣው ነው ወይስ ልነከርበት?"

"አንተ መጀመሪያ አፍላው። ከዚያ እናያለን።"

ሉተርም ቤቱ ሄዶ ያፈላል! የሚገርመኝ ይኼ ነው። እኔንም አልተወኝም። መስኮቴ ጋ ይመጣና አንገቱን ያሰግጋል።

"ዊላ፣ የዓይንሽ ቀለም አላማረኝም።"

"ኦርቪል፣ ከኋላህ ሰው ተሰልፏል።"

"ጉበት ነው።"

"ትኬት ትገዛለህ ወይስ አትገዛም?"

"የራሴን እጅ ለማየት ትኬት ልግዛ?" ብሎ ይገባል።

ይህን ሁሉ ችዬው ኖሬያለሁ። ዘንድሮ ግን አንጀቴ አረረ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እህቴ ኮራ የስኳር ሕመምተኛ ናት። እግሯ ላይ የማይድን ቁስል አለ። ለእሱ ስል ክረምት ከበጋ ዘጠና ማይል እየነዳሁ ነው ሐኪም ቤት የማደርሳት። ባለፈው ጥር መኪናዋ በበረዶ ተንሸራታ ቦይ ውስጥ ገባችና፣ እግሯን በካፖርቴ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ አራት ሰዓት ሰው ጠበቅን። "ዊላ፣ ቢቆርጡት አይሻልም?" አለችኝ። ካፖርቱን ይበልጥ አጥብቄ ጠቀለልኩላት።

መጋቢት ላይ አውራጃው፣ ተመስገን፣ ሐኪም ላከልን። ዶክተር ማርጎት ኢቫርሰን ትባላለች፤ ገና ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ነገር ግን ለሙከራ ነው የላኳት። እስከ በጋው መጨረሻ ሰው ከመጣላት ክሊኒኩ ይቀጥላል፤ ካልመጣላት ይዘጋል።

ሰው ሄደላት? የታባቱ! በመጀመሪያው ሳምንት አራት ታካሚ ነበራት፤ አንዱ ውሻ ነው። ለምን ቢባል ክቡርነታቸው ከክሊኒኩ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ጠዋት ተቀምጠው ሲመሽ ይነሣሉ።

"ወዴት ነው?"

"ጆሮዬን አሞኝ፣ ዶክተሯ ጋ።"

"ና እስቲ ልየው። አሃ! ይኼማ ቀላል ነው። ውሃ አፍላ።"

ሰውየውም "ተመስገን" ብሎ ይመለሳል። አንድ ቀን ሄጄ ፊቱ ቆምኩ።

"አንተ ሰውዬ፣ ይህች ልጅ ብትሄድ ኮራን አንተ ነህ የምታክማት? ለስኳርም ውሃ ላፍላ?"

እጆቹን ኪሱ ከትቶ ወደ ክሊኒኩ በር ተመለከተ። ዘንድሮ እጁን ከኪሱ አያወጣም፤ እኔም ብልግና ነው ብዬ ያዝኩበት። ሱቁንም ከከፈተ ሰንብቷል። ሲጠይቁት "የዘንድሮ ቆዳ አይረባም" ይላል።

እንዲህ ሆነን ሐምሌ ደረሰ። በየዓመቱ በበዓላችን፣ ፊልሙ በታየ ማግስት እሁድ እኩለ ቀን ላይ፣ አንድ ሰው የሐኪሙን ካፖርት ለብሶ፣ ቦርሳውን ይዞ፣ በፈረስ ከከተማው ይወጣል። እኛ ግራና ቀኝ ተሰልፈን ባርኔጣ እናውለበልባለን። ፈረሰኛው ድልድዩን ይሻገርና በእንጨት መሰንጠቂያው ጓሮ ዞሮ ቤቱ ይገባል። ከዚህ የሚበልጥ ክብር ፓይክስ ቤንድ የላትም። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የጋለበው ማን እንደሆነ መናገርም አያስፈልገኝ።

ዘንድሮ የበዓሉ ሰብሳቢ ሚስስ ክላፕ አንድ ሐሳብ መጣላት። ዶክተሯን ከሕዝቡ ጋር ለማቀራረብ ክብሩ ለእሷ ይሰጥ አለች። ሐሳቡስ ደግ ነበር። ግን ዶክተሯ ፊልሙን አይታው እንደማታውቅ የጠየቃት የለም። ሚስስ ክላፕ ዓርብ ዕለት ክሊኒኩ በር ላይ ቆማ ያለችውን እሷው ራሷ ነች በኋላ በኩራት የነገረችኝ።

"ዶክተር፣ እሁድ እኩለ ቀን ላይ ከተማው በሙሉ ወጥቶ ሊሸኝሽ ወስኗል።"

"ሊሸኘኝ?"

"እስከ ድልድዩ ድረስ። ፈረስም ተዘጋጅቷል።"

"ትንሽ ጊዜ... ሌላ አማራጭ የለም?"

"ኧረ ምን አማራጭ! በአንድ ድምፅ ነው የወሰንነው። የሚያለቅስም አይጠፋም።"

ዶክተሯ አመስግና በሩን ዘጋች። ቅዳሜ ኮራን ይዤ ስሄድ ዕቃዋን በካርቶን እያሰረች አገኘኋት። "ሰው ሲያባርሩ ፈረስ የሚያዘጋጁ ጨዋዎች ዘንድ ሠርቼ አላውቅም" አለችኝ። ነገሩን አስረዳኋት። የፊልሙን ነገር፣ የካፖርቱን ነገር፣ ሁሉንም። አልሳቀችም።

"ገባኝ ዊላ። ግን አራት ወር ሙሉ ሰው አልመጣም። ፈረሱ ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው።"

ከዚያ በቀጥታ ወደ ኦርቪል ሱቅ ገባሁ። ግማሹ የተሰፋ ኮርቻ ፊት ተቀምጧል፤ ኮርቻው አቧራ ጠጥቷል።

"ደስ ይበልህ! ነገ ልትሄድ ነው።"

"ካፖርቱን እኔው ልልበስ ማለት ነው?" አለኝ ቀና ሳይል።

ወስፌው አጠገቤ ነበር። እግዜር ነው የያዘኝ።

እሁድ ተሰለፍን። የዶክተሯ መኪና ዕቃ ተጭኖ ክሊኒኩ በር ላይ ቆሟል፤ መንገዱ ለበዓሉ ስለተዘጋ ሰልፉ እስኪያልፍ ደረጃው ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ኦርቪል ጥቁር ካፖርቱን ለብሶ፣ ጓንት አጥልቆ አለፈ። ሰው ባርኔጣውን አውለበለበ። እኔ አላውለበለብኩም።

ድልድዩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ፈረሱን አዞረው።

በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ያ ፈረስ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ሲመጣ ያየ የለም። መቼ እንደሚያቆም የነገረው ስለሌለ ሕዝቡ ማውለብለቡን ቀጠለ። ኦርቪል መልሶ በመካከላችን አለፈ፤ ክሊኒኩ በር ላይ እንደምንም ወረደ። ጓንቱን በጥርሱ ስቦ አወለቀና ሁለት እጆቹን ለዶክተሯ ዘረጋ።

ይንቀጠቀጣሉ። ያ ሁሉ ሐምሌ በነጭ ሸራ ላይ ያየናቸው እጆች ልክ እንደ ወንፊት ይርገፈገፋሉ።

"ከታኅሣሥ ጀምሮ ነው" አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ። "ክር ከመርፌ ማስገባት አቃተኝ። ውሃም አፍልቼ ሞክሬያለሁ።"

የሳቀ አልነበረም። ዶክተሯ እጆቹን ይዛ ገልበጥ አድርጋ አየቻቸው። "ይግቡ፣ ሚስተር ፔቲት" አለችው። ሉተር ዶብስ ባርኔጣውን ደፋና እያነከሰ ሄዶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ከኋላው ጆሮውን የሚያመው ሰውዬ ተሰለፈ። ሰልፉ ረዘመ። ዶክተሯ ብቅ ብላ ሰልፉን አየችና "ዊላ፣ ካርቶኖቹን ከመኪናው አውርጂልኝ" አለችኝ።

ለካ ያ ሰውዬ አራት ወር ሙሉ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ራሱ ሊታከም መጥቶ ነው። ሠላሳ እርምጃ የማትሞላ መንገድ መሻገር አቅቶት! ሰውን ያስቀረው እግረ መንገዱን ነው። ይህን ሳውቅ ይበልጥ ተናደድኩ። ከታኅሣሥ ጀምሮ ቢናገር ምን ነበረበት?

ክሊኒኩ አለ። የኮራ ቁስል እየጠገገ ነው፤ ያን ዘጠና ማይል ከነዳሁት ቆይቻለሁ። ኦርቪል መድኃኒት ይወስዳል፤ እጁ ግን ወደ ድሮው አይመለስም። እሱ ግን አልታረመም! አሁን ክሊኒኩ ውስጥ፣ ተራ የሚጠበቅበት ክፍል ወንበር ይዟል፤ ዶክተሯ ጋ ሳይደርስ እሱ ያልመረመረው ሰው የለም። ትናንትም "ዊላ፣ የዓይንሽ ቀለም አሁንም አላማረኝም" ብሎኛል።

ደግሞ ምግብ ቤት ገብቶ መጮህ ጀምሯል። "እዚህ ቤት ቡና የሚቀዳ ሰው ጠፋ? ሁልጊዜ ግማሽ ስኒ!" ይላል። ሙሉ ከሆነ እንደሚደፋበት፣ ሰውም እንደሚያየው ነግሬ፣ ለእሱ ግማሽ ብቻ ቅዱለት ያልኩት እኔ ነኝ። አያውቅም።

ይጩህ።