ዙሪያውን የሚሰማ ማይክ

በኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ሁለት ሙያ አለው፤ አንዱ እንጀራ የሚበላበት፣ ሌላው ድምፅ ማስተካከል። ከሚክሰሩ ኋላ በተቀመጥኩባቸው ዓመታት ሁሉ አንዱ ጣቱን ወደ ላይ፣ አጠገቡ ያለው ወደ ታች እየጠቆመኝ ኖሬያለሁ። ለሁለቱም በእሺታ አንገቴን ነቅነቅ አደርግና ምንም ሳልነካ እተወዋለሁ። ሁለቱም ረክተው ይቀመጣሉ። ከራሴ ጆሮ በቀር የማንንም የማላምነው ለዚህ ነው፤ እናንተም በኔ ቦታ ብትሆኑ አታምኑም።

ታዲያ የድራም መቺያችን የናሆም የካናዳ የስደት ኬዝ አልቆ ፍላይቱ ለማክሰኞ ተቆረጠ። የእናቱ የእትዬ አልማዝ ኬዝ ግን ገና ነው፤ እሳቸው እዚሁ ሰፈራችን ሳውዝ ሲ ይቀራሉ። ጠሩኝና፣ «ታሪኩ ልጄ፣ ፎቶውስ ሞልቶኛል። የእጁን ድምፅ አስቀርልኝ» አሉኝ። የቀረን አንድ እሁድ ብቻ ነበር።

ድራም ደግሞ ከላይ ካልተቀዳ የእጅ ጠባይ አይሰማበትም። ለዚህ የዘማሪዎቹ ማይክ አይሆንም፤ ኮንደንሰር የሚባለው፣ ዝንብ ስታልፍ የሚሰማው ዓይነት ያስፈልጋል። ከናሆም ጋር የድራሙን የናስ ሳህን፣ ሲምባሉን፣ ታቅፈን በማታቱ ታክሲ ኪሊማኒ ሰፈር ማይክ ወደሚያከራይ ሰው ሄድን። ሁለት ጥንድ አወጣልን፤ አንደኛው ከፊቱ ያለውን ብቻ ይሰማል፣ ሌላው ዙሪያውን። ሰውዬው ለቤተ ክርስቲያን መሆኑን ሲሰማ፣ «ካኒሳ? ቹኩዋ ሂ፣ ቦስ» ብሎ የመጀመሪያውን ገፋልኝ፤ በአገሩ ቋንቋ፣ ለቤተ ክርስቲያን ከሆነ ይቺን ውሰድ ማለቱ ነው። እኔን ሊመክር! ናሆም ሲምባሉን ነካ ሲያደርገው በሰውዬው ምርጫ ድምፁ ጆንያ የለበሰ መሰለ፤ በኔ ምርጫ ግን ክፍሉን ሞላው። የኔን ይዘን ወጣን።

እሁድ ጠዋት ማይኮቹን ከድራሙ በላይ ስሰቅል አንድ ሽማግሌ፣ «እዚያ ላይ ማን ሊናገርበት ነው?» አሉ። ሳቅኩ። ከዚያ መድረክ ላይ ወጥቼ፣ «ዛሬ እየቀዳን ስለሆነ እልልታ የለም» ብዬ ለሐበሻ ጉባኤ አወጅኩ። ድፍረቴን እዩልኝ። እትዬ አልማዝ ከፊት ወንበር ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው አፋቸው ላይ ይዘው አራት መዝሙር ቻሉ። በአምስተኛው፣ ናሆም በዚያች አዳራሽ የመጨረሻውን ሲመታ፣ ነጠላው ወደቀ።

ጆሮ ማዳመጫው ከራሴ ላይ ሊፈናጠር ምንም አልቀረው።

ሰኞ ቀኑን ሙሉ እልልታውን ከሲምባሉ ልለይ ታገልኩ። ዙሪያውን የሚሰማ ማይክ መርጬ፣ ዙሪያው ውስጥ እናት እንዳለች መርሳቴ! አፈርኩ፤ ከልቤ አፈርኩ። ናሆም ሊሰናበተኝ ሲመጣ፣ «አበላሽቼብሃለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ብዬ አምስተኛውን ከፈትኩለት። ሰማ። ደግሞ ሰማ። ዓይኑን ጠረገና፣ «ጋሽ ታሪኩ፣ ፕሊስ እንዳትነካው። ስልኬ ላይ ላክልኝ። የማዘርን እልልታ እዚያ ከየት አመጣዋለሁ?» አለኝ። ደግሞ ስከፍትለት ጣቱን ወደ ላይ ጠቆመኝ።

ረቡዕ ቅጂውን ለእትዬ አልማዝ ይዤላቸው ሄድኩ። አራቱን መዝሙር እያለቀሱ ሰሙ። አምስተኛው ላይ ቀና አሉና፣ «ኧረ የኔን ጩኸት ቀንሰው፤ ልጄን ሸፈንኩት!» ብለው ጣታቸውን ወደ ታች ጠቆሙኝ።

አንገቴን ነቅነቅ አደረግኩ። ምንም አልነካሁም።

«አሁን ተስተካከለ» አሉ።