ለግቢያችን ቁጥቋጦ ስም የማውጣት ሥራ

የዕፅዋት መለያና ምደባ ጽሕፈት ቤታችን በሥራ ጥራቱ የተመሰገነ መሥሪያ ቤት ነው። ይህን የምለው ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለሆንኩ፣ ምስጋናውንም የጻፍኩት እኔው ስለሆንኩ አይደለም። ታዲያ በገዛ ግቢያችን፣ በገዛ መስኮታችን ሥር፣ በመዝገባችን የሌለ ቁጥቋጦ ማንንም ሳያስፈቅድ በቅሎ ሲገኝ ምን ያህል እንደደነገጥን አስቡት።

መጀመሪያ ያዩት አትክልተኛው ናቸው። ጋሼ ጡረታ ሊወጡ አምስት ወር የቀራቸው፣ ከሰው ይልቅ ከተክል ጋር ማውራት የሚቀናቸው ሰው ናቸው። ቅጠሉን በጣታቸው አሽተው አስሸተቱን፤ ሎሚ ሎሚ ይላል።

"በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አላየሁም" አሉ። "ሌላ ቦታም ያለ አይመስለኝም። እባካችሁ ልጆቼ፣ እስኪጠና ድረስ አትንኩብኝ።"

ክቡር ኃላፊያችን በዚያው ቀን አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቋሙ። ጉሮሯቸውን ጠርገውም "የተጣለብን ኃላፊነት ከባድ ነው! ያለ ናሙና ሳይንስ የለም!" አሉ። አጨበጨብን። ከዚያ ከኮት ኪሳቸው መቀስ አወጡ።

አምስቱም አባላት አንዳንድ ቅርንጫፍ ወሰዱ። አንድ ለማኅደር፣ አንድ ለመጠባበቂያ፣ አንድ ደግሞ ለጎብኚ ተጨመረ። ሁሉም በጋዜጣ መሃል ተጭኖ ደረቀ። ከሁለት ሳምንት ጥልቅ ውይይት በኋላም "አበባው ሳይታይ መለየት አይቻልም" ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ቁጥቋጦው ምስኪን ነው፤ እንደ ምንም ብሎ እምቡጥ አወጣ። ምክትል ኃላፊው በማለዳ መጥተው ቆረጡት።

"ምነው ጌታዬ፣ ገና አልፈካም እኮ!" አሉ ጋሼ።

"እስኪፈካ ብጠብቅ ሌላ ሰው ይቀድመኛላ!"

ሁለተኛው እምቡጥ ፈካ፤ ሐምራዊ ነው፣ ልቡ ቢጫ። እሱም ተቆርጦ ወረቀት ላይ ተለጠፈ። ከዚያ መመሪያው ሲገለጥ ለካ ፍሬውም ያስፈልጋል። ጋሼ ስብሰባው መሃል ባርኔጣቸውን ይዘው ገቡ።

"ፍሬው እኮ ከአበባው ነው የሚመጣው። አበባውን እየቆረጣችሁ ከየት አምጥቶ ያፍራ?"

"ይህ የአሠራር ጥያቄ ነው፤ በጽሑፍ ያቅርቡ" አሉ ክቡር ኃላፊ።

ጋሼ ነገሩኝ፣ ጻፍኩላቸው። ደብዳቤው ቁጥር ተሰጠው፣ ማኅተም ተመታበት። "ፍሬው እንደታየ መልስ ይሰጥበታል" የሚል ማስታወሻም ተጻፈበት።

ፍሬው ግን አልታየም፤ የዓመቱ ሪፖርት ደግሞ ደረሰ። ስለዚህ ኮሚቴው በፍሬው ፋንታ ሥሩን ለማየት ተስማማ። ሥሩ በአካፋ ተቆፍሮ ወጣ፣ ታጠበ፣ ተለካ። "አዲስ ዝርያ" ተብሎ ጸደቀ፤ በክቡር ኃላፊ ስምም ተሰየመ። የምረቃው በዓል የተደረገው በጉድጓዱ ዙሪያ ነው። አንዱ እንግዳ "ተክሉ የታለ?" ብሎ ጠየቀና አሳፈረን። በዚያው ቃለ ጉባኤ፣ ተራ ቁጥር ስድስት ላይ፣ ዝርያው "ከምድር ገጽ የጠፋ" ተብሎ ተመዘገበ። የጠፋበት ምክንያት፦ የአትክልተኛው የእንክብካቤ ጉድለት።

ለጋሼ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ከእንግዲህ አንዲት ጥፋት ቢገኝባቸው ያለ ጡረታ ይሰናበታሉ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አፈርኩ፤ ግን ጻፍኩ። ጋሼ አንብበው አጣጠፉትና "እጅህ ጽሑፍ ያምርበታል" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ፣ ከውኃ ጋኑ ጀርባ፣ ጋሼ በአሮጌ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ያለ አንድ ነገር ውኃ ሲያጠጡ አየሁ። ሐምራዊ አበባ፣ ከሥሩም ቀያይ ፍሬዎች። ለካ ጋሼ ያኔ ከመቀስ የወደቀች አንዲት ቁራጭ አንሥተው ተክለዋት ኖሯል። ገና አፌን ሳልከፍት ክቡር ኃላፊ ከኋላዬ መጡ።

"ይህ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ። እጃቸው ኮት ኪሳቸው ውስጥ ገባ።

ጋሼ ኪሱን አዩ፣ እኔን አዩ። የሎሚው ሽታ አፍንጫዬ ሥር ነው። ዝም አልኩ፤ በዚያ መሥሪያ ቤት የሠራሁት ደህና ሥራ ይኸው ዝምታዬ ነው።

"አረም ነው ጌታዬ" አሉ ጋሼ።

"አረም?"

"ተራ አረም።"

የክቡር ኃላፊ እጅ ባዶውን ከኪስ ወጣ። "አረም ከሆነማ እኛን አይመለከትም። በሉ አሁኑኑ ከግቢዬ ያውጡልኝ!"

"እሺ ጌታዬ" አሉና ጋሼ ቆርቆሮውን እንደ ሕፃን አቅፈው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። በመሥሪያ ቤታችን ታሪክ ያለ ስብሰባ ምንነቱ የተለየ ተክል እሱ ብቻ ነው።

ጋሼ ጡረታቸውን በሰላም ወጡ። ዛሬ ቁጥቋጦው አጥራቸውን አልፎ መንገድ ላይ ተንዠርግጓል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ዘሩን እየለመነ ተክሎታል። ክቡር ኃላፊም በዚያ ሲያልፉ ቆም ብለው ያሸታሉ፤ ደስ ይላቸዋል። ስሙን ግን ጠይቀው አያውቁም፤ አረም ነዋ።