በቅሎ ሸጬ የገዛሁት ኢንተርኔት

ሰው ሥጋቱ ትዝ የሚለው ገንዘቡን ከሰጠ በኋላ ነው። በግ ሲገዛ ጥርሱን ገልጦ፣ ላቱን ጨብጦ፣ ሦስት ጊዜ ሄዶ ተመልሶ የሚከራከር ሰው፣ አክሲዮን ሲሸጡለት ግን ፈርሞ ያጨበጭባል። እኔን ማለቴ ነው።

ዳማ የምትባል በቅሎ ነበረችኝ። ቱሪስት ጭና ከላሊበላ በላይ ተራራው ላይ ወዳለው አሸተን ማርያም ገዳም ስትወጣ ስትወርድ ቤቴን ያቆመች እሷ ናት። ቱሪስቱ ሲመናመን ግን ደጄ ላይ ቆማ እያየችኝ ገብሴን ትጨርስ ጀመር። በዚህ መሀል ነው ጥቂት የላሊበላ ወጣቶች ፈጣን ኢንተርኔት የሚያቀርብ አነስተኛ ኩባንያ አቋቁመው አክሲዮን መሸጥ የጀመሩት። ዳማን ለጎረቤቴ ለአቶ ሲሳይ ሸጬ ባለአክሲዮን ሆንኩ። የባለቤቴ የጥሩወርቅ አስተያየት አጭር ነበር፦ «የሚታይ ሸጠህ የማይታይ ገዛህ?»

ከዚያማ ኩባንያው ማቀድ አልጠግብ አለ። መጀመሪያ ሆቴሎቹን ሊያገናኝ ነበር፤ ሁለቱን እንዳገናኘ ትቶ ወደ ትምህርት ቤቶች ዞረ። ያንንም ሳይጨርስ እኛን ባለአክሲዮኖቹን ለስብሰባ ጠራን። ሥራ አስኪያጁ ኢዮብ፣ የቀረንን ገንዘብ ሁሉ ተራራው ትከሻ ላይ በሚተከል አንቴና እናውለው፣ ከዚያ እስከ ጎረቤት ከተሞቹ ኩልመስክ ብሎም ጋሸና እናዳርሳለን አለን።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ተነሣሁ። ጉሮሮዬን እንደ ዳኛ ጠርጌ፣ ለመሆኑ እዚሁ ከተማ ውስጥ ስንት ደንበኛ አለን ብዬ ጠየቅኩ። ኢዮብ ፈገግ ብሎ ስለ ጋሸና የወደፊት ዕድገት አብራራልኝ። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች! ጥያቄዬን ደገምኩት። ይሄኔ፣ «ጋሼ፣ ንጉሡም እኮ አብያተ ክርስቲያናቱን የፈለፈሉት ከጣሪያ ጀምረው ወደ ታች ነው። እኛም ከላይ እንጀምር፤ ደንበኛው ከታች ይደርሳል» አለኝ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ላሊበላ ተቀምጦ ይህን ክርክር ማን ይረታል? እኔ ራሴ ለቱሪስት ስንት ዘመን ስናገረው የኖርኩት ነገር ነው።

ያላጨበጨቡት አንድ መሪጌታ ብቻ ነበሩ። ቤታቸውን ሊያሳድሱበት ያስቀመጧትን ገንዘብ አክሲዮን ላይ ያዋሉ አዛውንት ናቸው። በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡና፣ «ልክ ነህ ልጄ፤ ከጣሪያ ነው የጀመሩት። ግን እሳቸው ዓለቱ ነበራቸው። ደግሞም ሌሊት ሌሊት መላእክት ያግዟቸው ነበር፤ የእናንተን የሌሊት ተራ ማን ያዘው?» አሉ።

ሳቁ ሲበርድ ልቀጥል ብዬ አፌን ስከፍት ኢዮብ ቀደመኝ። እንዲህ ያለ ጥልቅ ሥጋት ያለው ሰው ለኩባንያው ሀብት ነው፤ ስለዚህ የሥጋት ኮሚቴ ይቋቋም፣ ሰብሳቢውም ጋሼ ደምሴ ይሁኑ ብሎ እኔን ጠቆመ። ሹመት ያዳብር! ጭብጨባ ለካ እንዲህ ያሞቃል? በዚያው ሙቀት የአንቴናው ጉዳይ ለድምፅ ሲቀርብ እጄ ከሁሉ ቀድማ ወጥታ አገኘኋት። መሪጌታ አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። አፈርኩ፤ ግን አላወረድኳትም።

ከሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት ደጄ ላይ ግርግር ሰማሁ። ተራራው መኪና አያስወጣም፤ ታዲያ አንቴናውንና ባትሪውን ተጭና የቆመችው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ዳማ! ኩባንያው ከአቶ ሲሳይ በቀን ሒሳብ ተከራይቷታል። እሷ ግን የድሮ በሯን ስታይ ቆመች። ቢገፏት፣ ቢለምኗት፣ ወይ ፍንክች! እውነቱን ልናገርና ናፍቃኝ ነበር፤ አንገቷን አቅፌ ቆየሁ። ኢዮብ ላቡን እየጠረገ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ካልመሯት ኩባንያው እዚሁ መቆሙ ነው» አለኝ።

ምን አደርጋለሁ? ገመዷን ተቀበልኩ። ገና አንድ እርምጃ ስራመድ ተከተለችኝ።

ጥሩወርቅ በሩን ተደግፋ ታየናለች። «እንዲያው ልጠይቅህ» አለችኝ፣ «እሷስ የቀኗን ይከፈልባታል፤ አንተ ምን ልትሆን ነው ይህን ዳገት የምትወጣው?»

«እሷማ ቅጥር ናት» አልኳት ገመዱን እየጎተትኩ፤ «እኔ ባለቤት ነኝ።»