ኦርጅናሉ ኤልፍ እንዴት እንደተለየ

ጉዳዩ ከመነሳቱ በፊት የነበረው ሁኔታ የሚከተለው ነው። መርካቶ፣ ከጭድ ተራ አለፍ ብሎ ባለው ባለ አምስት ፎቅ የገበያ ሕንፃ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሁለት ጌም ቤቶች ፊት ለፊት ይሠሩ ነበር። አንዱ የሱሀይር፣ ሌላው የማሙሸት ነው። ሱሀይር አራት ቴሌቪዥን አላት፤ ማሙሸትም አራት አለው። የሱሀይር ደንበኞች ከአውቶቡስ ተራ የሚመጡ ደላሎችና ተሸካሚዎች ሲሆኑ፣ የማሙሸት ደንበኞች አባቶቻቸው ሱቅ ያላቸው ወጣቶች ናቸው። በሁለቱም ቤት ኳስ ይጫወታሉ፤ ኳስ ሲሰለቻቸው ኤልፍ ይሆናሉ። ማንም አልተጎዳም፤ ስለዚህ ኮሚቴ አላስፈለገም ነበር።

ኤልፍ በምናባዊ ጌሞች ውስጥ የሚገኝ፣ ሰው የሚመስል፣ ጆሮው የሾለ፣ ዕድሜው የረዘመ ፍጡር ነው። አኳኋኑ ግን ከጌም ጌም ይለያያል። ባንዱ ጌም ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ እየኖረ በቀስት ያድናል፤ አደን ያጣ ቀን ምን እንደሚበላ አይገለጽም። በሌላው በነጭ ድንጋይ ቤተ መንግሥት ሰገነት ላይ ቆሞ ሩቅ ያያል፤ ሥራው ይኸው ነው። በሦስተኛው ደግሞ በሰዎች ከተማ ውስጥ የታጠረና የተጨናነቀ ሰፈር ተሰጥቶት፣ ጆሮውን በኮፍያ ሸፍኖ ሸክም ይሸከማል፣ ያገኘውን ይቸረችራል፣ ዘበኛ ሲመጣ ዕቃውን ጠቅልሎ ይሮጣል።

ማሙሸት የሚወደው ባለ ሰገነቱን ነው። በሩ ላይ አስሎታል፤ ፀጉሩ ወርቃማ፣ ካባው ነጭ፣ ዓይኑ ከአላፊ አግዳሚው በላይ የሚያይ ነው። ሱሀይር ግን ባለ ኮፍያውን አሳለች። ምርጫው የደንበኞቿ ነበር። ሃብታሙ የተባለው ተሸካሚ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ «አሯሯጡን አየሽው? ይሄ ልጅ እዚሁ ነው ያደገው» ብሏል።

አንድ ቀን አንድ ገዢ ሁለቱን በሮች አይቶ «ትክክለኛው የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ገዢው መልስ ሳይጠብቅ መጋረጃ ሊገዛ አለፈ። ጥያቄው ግን የሕንፃው ነጋዴዎች የሥርዓትና የውበት ኮሚቴ ዘንድ ደረሰ። ሰባት አባላት ያሉት ይህ የተከበረ አካል የደረጃውን መወልወያ ጉዳይ በስኬት አጠናቆ ሥራ ፈትቶ ነበር።

ሰብሳቢው ሐጂ ኑሪ ናቸው። ስፖንጅ ፍራሽ በጅምላ ያከፋፍላሉ፤ ዕቃን በአውራ ጣታቸው ጫን ብለው ኦርጅናልና ኮፒ በመለየት በመርካቶ የሚያህላቸው የለም። ስብሰባውን የከፈቱት እንዲህ በማለት ነበር።

«በዚህ ሕንፃ ኦርጅናልና ኮፒ ጎን ለጎን አይሸጥም። ደንበኛ ከተደናገረ ገበያው ይደናገራል፤ ገበያው ከተደናገረ የእኛ መኖር ትርጉም የለውም።»

ጭብጨባው ሲበርድ ኤልፍ ምን እንደሆነ ጠየቁ።

ከተብራራላቸው በኋላ ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ አቋም ያዘ። የኦርጅናሉ ኤልፍ ባለቤት በቦታው ይቀጥላል፤ የኮፒው ባለቤት ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። ምድር ቤቱ የሐጂ ኑሪ የስፖንጅ መጋዘን የነበረ ሲሆን ባዶ የቀረው ውሃ ስለሚያስገባ ነው። ውሃ ለስፖንጅ ጎጂ መሆኑ በኮሚቴው በሚገባ የታወቀ ነው፤ ለቴሌቪዥን ጎጂ ስለመሆኑ ግን የቀረበ ጥናት አልነበረም። አራቱ ቴሌቪዥኖች የሱሀይር ጠቅላላ ንብረት ናቸው፤ እናቷና ሁለት እህቶቿ የሚኖሩትም በእነሱ ነው። ይህ ከውበት ጋር ስለማይገናኝ አልተነሳም።

በማግስቱ ኮሚቴው በሁለቱ በሮች መካከል ቆመ።

«የት አገር ነው የተሠራው?» ሐጂ ኑሪ ባለ ኮፍያውን እያዩ ጠየቁ።

«የኔን ሠዓሊው ነው የሠራው፣ እዚሁ» አለች ሱሀይር።

«ሥዕሉን አይደለም ልጄ። ኤልፉን።»

«ኤልፍ ምናብ ነው ሐጂ።»

«ምናቡስ የት አገር ነው የተሠራው?»

«እሱን አላውቅም።»

ሐጂ ኑሪ አዝነው ወደ ማሙሸት ዞሩ። «ያንተስ?»

«ቱርክ» አለ ማሙሸት፣ ሳያመነታ።

ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየ። ሐጂ የባለ ሰገነቱን ካባ በአውራ ጣታቸው ጫን ብለው ለቀቁት፤ ራሳቸውንም ነቀነቁ። ምን እንዳገኙ አልተናገሩም፤ የጠየቃቸውም አልነበረም። ከዚያም የመጋረጃ ነጋዴዋና የኮሚቴው አባል እትዬ ሙሉመቤት ሜትራቸውን አውጥተው ጆሮ መለካት ጀመሩ። የማሙሸት ኤልፍ ጆሮ አርባ አንድ ሴንቲ ሜትር ሆነ። ወደ ሱሀይር በር ሲዞሩ የሚለካ አጡ።

«የዚህኛው ጆሮ የታለ?»

«ኮፍያው ውስጥ ነው እትዬ።»

«ለምን ይደብቀዋል?»

«ኤልፍ መሆኑ እንዳይታወቅበት ነዋ። ከታወቀ ገበያ አያስገቡትም።»

«ጤነኛ ዕቃ ቢሆን ምን አስደበቀው?» አሉ እትዬ ሙሉመቤት፣ ለራሳቸው ያህል።

የኮሚቴው ጸሐፊ ኪዳነ ማርያም ቁልፍ በጅምላ ይሸጣል። ጉዳዩን የቋጨው የሱ ሙያዊ አስተያየት ነው። «ኮፒ የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ ማቴሪያል ይቆጥባል» አለ። «ይኸው ጆሮ ቆጥቧል።»

ዳር ቆሞ የነበረው ሃብታሙ መናገር ፈለገ። «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የሌለ ፍጡር ነው። ኦርጅናሉን ከምን ጋር አስተያያችሁት?»

«ይህ ጥያቄ በአጀንዳ አልተያዘም» አለ ኪዳነ ማርያም።

ሱሀይር ወደ ምድር ቤት ወረደች። ተሸካሚዎቹ ቴሌቪዥኖቹን በነፃ አወረዱላት፤ ብሎኬት ደርድረው ከወለሉ ከፍ አደረጉላት። ባለ ኮፍያው ኤልፍም ደረጃው ሥር እንደገና ተሳለ። ከላይ ሰው ሲወርድ ቶሎ የማይታይበት ቦታ በመሆኑ ተስማምቶታል።

ማሙሸት በበኩሉ በሩ ላይ «በኮሚቴ የተረጋገጠ ኦርጅናል» ብሎ አስጻፈ። ሳምንት ሳይሞላ ጎኑ ያለው የነጠላ ጫማ ነጋዴ ሱቁ ላይ ጆሮው ሃምሳ ሴንቲ ሜትር የሆነ ኤልፍ አሳለ። ነጠላ ጫማና ኤልፍ ምን እንዳገናኛቸው የተጠየቀ ሰው የለም፤ መስፈርቱ ጆሮ ነው። እትዬ ሙሉመቤት ለኩ፤ መርህ መርህ ነውና ማሙሸት ኮፒ ሆነ። ማሙሸት ሠዓሊውን ጠርቶ ጆሮ አስቀጠለ። የጫማው ነጋዴም አስቀጠለ። የሞባይል ሽፋን ሻጩ ገባበት። ጆሮዎቹ በሩን ለቀው ግድግዳውን ያዙ፤ አንደኛው ማዕዘን ዞሮ መጸዳጃ ቤቱ ጋ ደረሰ። የማሙሸት ተጫዋቾች ቀለም እስኪደርቅ በር ላይ መቆም ሰለቻቸውና አንድ ሁለት እያሉ ወደ ምድር ቤት ወረዱ።

ሐጂ ኑሪ ይህ የሰው ፍሰት ሥርዓት የያዘ መሆኑን ሊያረጋግጡ በአካል ወረዱ። ሱሀይር ወንበር ሰጠቻቸው፤ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ሁሉ እንደምታደርገው ጆይስቲክም ሰጠቻቸው። ሐጂ ባለ ኮፍያውን ኤልፍ ከታጠረው ሰፈር አወጡት። ጀርባው ላይ ከረጢት አዝሎ ወደ ገበያው ሲገባ ዘበኛ አንገቱን ያዘው።

«ይሄ ለምን ያዘኝ?»

«ጆሮዎ ታይቶ ነው ሐጂ። ኮፍያው ወድቋል» አለ ሃብታሙ።

«ጆሮዬ ምን አደረገው?»

«የከተማው ሹሞች ኤልፍ ከአጥሩ ውጭ እንዳይነግድ ወስነዋል።»

«ማንን ጠይቀው?»

«ማንንም።»

ሐጂ ኑሪ ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ፊታቸው ክፉኛ ተለዋውጦ ነበር። «እነዚህ ሰዎች ነግደው አያውቁም» አሉ። «ልጁ ሠርቶ ሊበላ ነው የወጣው። በጆሮ ሰው ከገበያ ይወጣል? እንዲህ ያለ ውሳኔ የሚወስኑት ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?»

ሃብታሙ አፉን ሊከፍት ሲል ሱሀይር እግሩን ረገጠችው።

«በጓሮ በኩል ይሞክሩ ሐጂ» አለች። «እዚያ ዘበኛው ይተኛል።»

ሐጂ በጓሮ በኩል ሞከሩ፤ ተሳካላቸውም። በማግስቱ እትዬ ሙሉመቤትን ይዘው መጡ፤ እሳቸው ደግሞ የጫካውን ወደዱ፤ ቀስት ከሜትር ይልቅ ለእጃቸው ተስማማ። ኪዳነ ማርያም ሁለቱን ሊጠራ ወርዶ በዚያው ቀረ። ሌሎች ሁለት አባላትም እነዚህን ሦስት ሊፈልጉ ወረዱ።

ክረምቱ ሲገባ ሐጂ ኑሪ ወደ ሰብዓዊነታቸው ተመለሱ። ምድር ቤቱ ለሥራ የማይመች፣ ለኤልፍም የማይገባ ስለሆነ ሱሀይር በአስቸኳይ ወደ ሦስተኛ ፎቅ እንድትመለስ አጀንዳ አስያዙ። ሱሀይርም ለመውጣት ከቴሌቪዥኖቹ በቀር ዕቃዋን አሰረች። የሚቃወም አልነበረም፤ ማሙሸት ራሱ ደግፏል። የቀረው ስብሰባ ተቀምጦ እጅ ማውጣት ብቻ ነበር።

አጀንዳው እስከ አሁን አራት ጊዜ ቀርቦ አራቱንም ጊዜ ምልዓተ ጉባኤ ባለመሟላቱ ተላልፏል። ከሰባቱ አባላት አምስቱ በስብሰባው ሰዓት ምድር ቤት፣ ስድስት ሴንቲ ሜትር ውሃ ላይ፣ እግራቸውን ብሎኬት ላይ ሰቅለው ይጫወቱ ነበር።