የሸማ ተራ የፊልም ሽማግሌዎች

ፊልም ሲያዩ ዳኛ የሚሆኑ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ ሸማ ተራ፣ እትዬ አስካለ ሱቅ ውስጥ አገኘኋቸው! በስልክ በሚያዩት ፊልም የልጁ አባትና የልጅቷ እናት ተጋብተዋል፤ ልጆቹ ደግሞ በፍቅር አብደዋል። ወላጆቹ «እህትና ወንድም ናችሁ!» ብለው ሲከለክሏቸው ተራው በሙሉ ተነሳ። ገዢው እንኳ የያዘውን ጋቢ ትቶ ዘር ቆጠራ ገባ።

«ሰባት ቤት ቢቆጠር አይገናኙም! ምን በወጣቸው ይለያያሉ?» አሉ እትዬ አስካለ፣ በሚሸጡት ነጠላ እንባቸውን እየጠረጉ። እኔማ አጨበጨብኩ!

ዲግሪዋን ይዛ ሱቅ የምታግዛቸው ልጃቸው ሄለን ለካ ይህችን ሰዓት ስትጠብቅ ኖሯል። «እማዬ፣ እንግዲያው እኔና የባልሽ ልጅ ዳዊትም እንጋባ?» አለች።

እትዬ አስካለ ስልኩን ነጥቀው አጠፉና ጮኹ፦ «እንደገና ይቆጠር!»